መኪናሽ አልወጣችም

የጋሼ ያደታ ሂት ፓምፕ አፉን በረዶ ሞልቶት ነበር። ጽጌሬዳ ይህን ያየችው በጠዋት ነው፤ ለታመመችው ልጇ ውኃ ልትቀዳ ኩሽና ስትገባ፣ በመስኮቱ በኩል፣ እንዲያው በዓይኗ ጠርዝ። ማሽኑ የእሳቸውን ቤት ከእሷ ቤት በሚለየው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ ግራጫ ሳጥን ነው። ሆዱ ላይ ያለው ትልቅ ማራገቢያ በሠራ ቁጥር ከፊቱ ያለውን መሬት እስከ አጥሩ ድረስ እየነፋ ይጠርገዋል፤ ሠፈሩ በሙሉ በረዶ ሲለብስ ያቺ ቦታ ብቻ ራቁቷን ትቀራለች። ዛሬ ግን በረዶው ማራገቢያው ላይ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቋል። አየችው። "ተመስገን፣ ዛሬም ጸጥ ብሏል" አለች በልቧ፤ ውኃውን ይዛ ተመለሰች።

ነገሩ የገባት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሳህን እያጠበች ነው። ያ ማሽን የቤት ማሞቂያ ነው። ካልጮኸ አይሠራም። ካልሠራ ደግሞ፣ ትንፋሽ አፍ ላይ በሚደርቅበት በዚህ ብርድ ሰውየው በምን እየሞቁ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ ነበር? ትናንት አልሰማችውም። ከትናንት ወዲያም አልሰማችውም። ከሰኞ ጀምሮ ቀንም ማታም ከቤት ሳትወጣ፣ አንድ ጊዜም አልሰማችውም።

"ሞተዋል" አለች። ሳይታወቃት ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ጽጌሬዳ ክፉ ክፉውን በማሰብ የታወቀች ሴት ናት። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ከጮኸ "ማን ሞተ?" ብላ ነው የምታነሣው። ባሏ ነቢዩ በኡበር ሥራው ትንሽ ካመሸ፣ መኪናው አንዱ ድልድይ ሥር ተገልብጦ ይታያታል። "አንቺ እኮ" ይላታል እሱ፣ "ሰው ሳይሞት ድንኳን ትተክያለሽ።" ቀልዱ ከቤት ወጥቶ በዘመድ አዝማዱ ሁሉ ከተዛመተ ወዲህ፣ በራሷ ፍርሃት ማፈር ጀምራለች። በልቧ አሥር ሰው ስትገድል በአፏ አንዱን ብታወጣ ነው።

ማሽኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈርታዋለች። የጋሼ ያደታ አሮጌ የጋዝ ማሞቂያ፣ ፈርነሱ፣ ተበላሽቶ ሲነቀል፣ ዱሉዝ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ዳራርቱ ናት ብርዱ ከመግባቱ በፊት መጥታ ያስገጠመችላቸው። "ድምፅ የለውም ብለውኛል" ብላ ነበር ዳራርቱ። በሚኖሩባት በኒው ሆፕ ያሉት እነዚህ አሮጌ ቤቶች ግን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ የጽጌሬዳ መኝታ ቤት መስኮት ደግሞ ልክ ከማሽኑ ፊት ለፊት ነው። ብርዱ ሲመጣ ድምፁ መጣ። ጩኸት እንኳን አይደለም፤ እንደ ሩቅ ወፍጮ ቤት ያለ ማጉረምረም ነው። ግድግዳውን አልፎ፣ ትራሱን አልፎ ጥርስ ሥር ይገባል። አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ያቆምና ፍሽሽ ብሎ ነጭ እንፋሎት ይተፋል። መጀመሪያ ቀን እንፋሎቱን ጭስ መስሏት ልጇን ጠቅልላ ልትወጣ ነበር። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥበት መንገድ መሆኑን ነቢዩ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አሳያት፤ ከዚያ ለሳምንት ሳቀባት።

ጽጌሬዳ የምትሠራው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። ሰው ሲነሣ ትተኛለች። ወፍጮው ትራሷ ውስጥ እየፈጨ ቀኑን ሙሉ ስትገላበጥ ውላ፣ ማታ ዓይኗ ቀልቶ መሪ ትይዛለች፤ መሪ በያዘች ቁጥር ደግሞ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዷት የምትሞትበትን ቦታ ትመርጣለች።

ይሁን እንጂ ጋሼ ያደታን ምን ብላ ትናገራቸው? ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የነቀምቴ ሰው፣ በጨዋነታቸው የተመሰገኑ ሽማግሌ ናቸው። በረዶ በጣለ ቁጥር የእሷን ደጅ ከራሳቸው ደጅ አስቀድመው የሚጠርጉ። ገና በዓል ሲደርስ ግን ሰበብ አገኘች። ስኔሊንግ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ድፎ ዳቦ ገዝታ ሄደች፤ ተቀመጠች፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ጤና ተጫወቱ። ልትነሣ ስትል ጣል አደረገችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ማሽን አይረብሽዎትም?"

"የቱ ማሽን?"

"ይሄ ውጪ ያለው።"

"እኔ? የኔ ጆሮ እኮ ከኔ ቀድሞ ነው ጡረታ የወጣው።"

ሳቀች። "አይ፣ እንዲያው ማታ ሠርቼ ቀን ስለምተኛ፣ አንዳንዴ ስሰማው፣ ጋሼ እንዴት ይሆኑ ይሆን እላለሁ።"

ጋሼ ያደታ ዳቦውን ማላመጥ አቆሙ። "እንቅልፍ ነሣሽ እንዴ?"

"ኧረ እኔን ምንም አላደረገኝም፤ በሞቴ። ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠሯት።

በእኛ ሰው ዘንድ ነገር የሚነገረው እንዲህ ነው። ያስቸገረህን ሰው አስቸገርከኝ አትለውም፤ ለእሱ የተጨነቅህ መስለህ ትጠይቀዋለህ። እሱም ይገባዋል። ገባኝ ግን አይልህም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቀን ቀን ጸጥ አለ። ጽጌሬዳ ተኛች። አስተካክለውት ይሆናል፣ ወይም ጆሮዬ ለምዶት ይሆናል አለች። ሰው የለመነውን ሲሰጡት ከየት አመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም፤ እሷም አልጠየቀችም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ልጇ ፋና ፍሉ ያዛት። ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጽጌሬዳም ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ቀረች፤ መኪናዋ ደጅ ላይ በረዶ ለብሳ ቆመች።

እጇን ሳታደርቅ ስልኩን አነሣችና ጋሼ ያደታ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደግማ ደወለች። ከዚያ ነቢዩ ጋ።

"ነቢ፣ ጋሼ ያደታ ስልክ አያነሡም።"

"ተኝተው ይሆናላ።"

"ማሽናቸው ከሰኞ ጀምሮ አልሠራም።"

"ሲሠራ ጮኸ ትያለሽ፣ ሲያቆም አቆመ ትያለሽ። ምን ቢያደርጉሽ ይሻላል?"

"ቢሞቱስ?"

"ድንኳኑን ትልቁን ነው ትንሹን የምታዘው?" ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጽጌ፣ ተሳፋሪ ይዣለሁ፤ ወደ ኤርፖርት ነው። ስመለስ እኔ አያቸዋለሁ። ልጅቷን ብቻ እንዳታስጨንቂያት።"

ስልኩን ዘጋች፤ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ይሆናል። ስንት ጊዜ ገድላቸው ስንት ጊዜ ቆመው አግኝታቸዋለች። ልትታገሥ ሞከረች። ግን ዓይኗ መስኮቱን አልለቅ አለ፤ እያየች ሳለች ደግሞ ጠዋት ያላየችውን አየች። በጋሼ ያደታ ደጅ ላይ ያለው በረዶ አልተነካም። አልተጠረገም፤ የእግር ዱካም የለበትም። የእሷም ደጅ አልተጠረገም። ሰውየው ከበረዶው በኋላ ከቤት አልወጡም።

ኮቷን ደረበች። ፋና ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ከታብሌቱ ቀና አለች።

"ማም፣ ሂ ኢዝ ፋይን" አለች በታፈነ አፍንጫ፤ ደህና ናቸው ለማለት።

"ከዚህ እንዳትነቃነቂ። በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ። ብዘገይ አባትሽ ጋ ደውዪ።"

"ዩ ኦልዌይስ ዱ ዚስ።"

ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ ማለቷ ነው። ሻርቧን ጠምጥማ ወጣች።

ብርዱ ፊቷን በጥፊ ተቀበላት። ያልተጠረገውን በረዶ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየሰጠመች ተሻገረችና በሩን አንኳኳች። ዝም። በቡጢ ደበደበችው። ዝም። ጎረቤት መስኮት ውስጥ አጮልቃ ስትመለከት ማንም ቢያያት ፖሊስ ይጠራባታል ብላ ፈራች፤ ቢሆንም ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አየች። የሚታይ ነገር የለም። መስታወቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋግሯል።

ከውስጥ በኩል። ቤቱ ውስጥ ከውጪው የተለየ አየር የለም ማለት ነው።

እጀታውን ብታዞረው ተከፈተ። ገና አንድ እግሯን ስታስገባ ሽታው መጣ፤ ከሰል ነው። ጽጌሬዳ ጉለሌ ነው ያደገችው። ክረምት ላይ ከጎናቸው ተከራይተው የነበሩ ሁለት እህትማማቾች፣ ብርዱ ሲያይል ያልበረደ ምድጃ ይዘው ገብተው በር ዘግተው ተኙ። ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ልጅ ነበረች፤ ከሰዎቹ እግር መካከል አይታለች። እንቅልፋቸውን የጠገቡ ነበር የሚመስሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ክፉ ነገር ባሰበች ቁጥር የሚመጡባት እነዚያ ፊቶች ናቸው።

የውጪውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። በሻርቧ አፏን አፈነች። የከሰል ጭስ በጨርቅ እንደማይጣራ ታውቃለች፤ ቢሆንም አፈነች። ትንፋሿን ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ሮጠች። ከበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ ፎጣ ተወትፏል። ገፋችው።

ጋሼ ያደታ አልጋው ላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸውን እንዳደረጉ፣ ጋቢ ተከናንበው ተጋድመዋል። ወለሉ ላይ፣ በብረት ድስት ውስጥ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ይታያል።

"ጋሼ።"

ዓይናቸው በግማሽ ተከፈተ። በሕይወት አሉ። ያን ጊዜ ነው ጽጌሬዳ ይበልጥ የፈራችው፤ የሞተ ሰው ከዚህ በላይ አይሞትም፤ እሳቸው ግን ገና ሊሞቱ ይችላሉ፣ እሷ እጅ ላይ።

"ማነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ ጽጌ። ይነሡ። እንውጣ።"

"መኪናሽ አልወጣችም" አሉ። ምላሳቸው ተሳስሯል።

"የቱ መኪና? ይነሡልኝ ጋሼ፣ በማርያም።"

"አልወጣችም እኮ" አሉ፤ ልክ እሷ እንዳጠፋች፣ እሳቸው እንደሚያስረዷት ሁሉ። ዓይናቸው ተመልሶ ተከደነ።

ከዚያ በኋላ የሠራው እጇ ነው። ሥራ ቦታዋ የማይነሣ በሽተኛ በአንሶላ ይሳባል፤ እሷም የጋቢውን ሁለት ጫፍ እጇ ላይ ጠመጠመችና ጎተተች። ከአልጋው ወደ ወለሉ ሲወርዱ ራሳቸው እንዳይመታ በጉልበቷ ተቀበለችው። ኮሪደሩ መካከል ትንፋሿ አለቀና አየር ሳበች፤ ጭሱ ደረቷ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ፋና ብቻዋን ናት፤ እኔ እዚህ ብወድቅ ማን ያውቃል ብላ አሰበች። አሁንም ጎተተች። ደጃፉ ላይ፣ በረዶው አፍ ላይ ሲደርሱ የራሷን ኮት አውልቃ አለበሰቻቸው፤ ናይን ዋን ዋን፣ የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩን፣ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሴትዮ የምትጠይቃትን ሁሉ በትክክል መለሰች፤ ይተነፍሳሉ ወይ ስትባል ግን ጆሮዋን አፋቸው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ይተነፍሳሉ። ጎርጎር እያለ፣ እየተቆራረጠ፣ ይተነፍሳሉ።

እሳት አደጋዎቹ ቀድመው ደረሱ፤ አምቡላንሱ ተከተለ። ጋሼ ያደታ አፍ ላይ ኦክሲጅን ተደረገ። የመርዛማ አየር መለኪያ ይዞ የገባው ጎልማሳ በሩን ሳያልፍ መሣሪያው ይጮህ ጀመር። ድስቱን ይዘው ወጥተው በረዶው ውስጥ ደፉት፤ መስኮቶቹን ከጋገራቸው በረዶ እየፈነቀሉ ከፈቱ። ቆየት ብሎ ጎልማሳው አንድ ነገር በእጁ ይዞ መጣ፤ በካልሲ የተጠቀለለች የጭስ ማስጠንቀቂያ ናት፣ ባትሪዋ የወጣ። ከመሳቢያ ውስጥ ነው ያገኛት። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ጽጌሬዳ በሰው ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ቆማ ነበር። ማስጠንቀቂያዋን አየቻት። ለምን ይጠቀልሏታል? እንዳትጮህ ነዋ። ማን እንዳይሰማት?

ቀና ስትል ዓይኗ ከራሷ ደጅ ላይ አረፈ። መኪናዋ እንደቆመች ናት፤ ጎማዋ በረዶ ውስጥ ሰጥሟል።

መኪናሽ አልወጣችም።

ሰውየው መኪናዋን ነው የሚጠብቁት። መኪናዋ ደጅ ካለች፣ ጽጌ ተኝታለች፤ ማሽኑ ይጥፋ። መኪናዋ ማታ ስትወጣ፣ ጽጌ ሥራ ሄዳለች፤ ማሽኑ ይብራ። እንግዲህ ከገና በኋላ ቀን ቀን በካፖርት ተጠቅልለው፣ ማታ ማታ እየሞቁ ነው የከረሙት። ሰኞ ግን መኪናዋ አልወጣችም። ማክሰኞም አልወጣችም። እሷ ከልጇ ራስጌ ቁጭ ብላ ጸጥታውን ስታመሰግን፣ እሳቸው በዚያ ግድግዳ ማዶ መኪናዋን በመስኮት እያዩ፣ መስኮቱ በረዶ እስኪጋግርባቸው ድረስ ጠበቁ።

"አላውቅም" አለችው ጎልማሳውን። በእንግሊዝኛ ይህንን የምትነግርበት ቃል አልነበራትም።

ነቢዩ የደረሰው አምቡላንሱ በሩን ሲዘጋ ነው። ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አሉ?" አለ።

"አሉ። ተከተላቸው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ።"

ከኋላ ወንበር የራሱን ጃኬት አውጥቶ አለበሳትና ሄደ።

ቤቱ እስኪናፈስ ድረስ ሰዓቱ ሄደ፤ ጨለመ። ጽጌሬዳ ወደ ፋና እየተመላለሰች፣ መድኃኒት እየሰጠች፣ ግንባሯን እየዳሰሰች፣ ስልኩን ከእጇ አልለየችም። ነቢዩ አልደወለም። አለመደወሉን በክፉ ተረጎመችው። ሥራ ቦታዋ ሐኪሞች ለቤተሰብ የሚደውሉበትን ድምፅ ታውቃለች፤ ነቢዩ በዚያ ድምፅ "ጽጌ" ሲላት ደጋግማ ሰማችው፣ ሳይደውል። እሳት አደጋዎቹ ሲጨርሱ ጎልማሳው ማሞቂያውን አሁኑኑ ካላበራሽ ቧንቧው በረዶ ሆኖ ይፈነዳል፣ ሞቅ ሲል መስኮቶቹን ዘግተሽ በሩን ቆልፊ ብሏት ሄደ። የበሩ ቁልፍ ከኩሽናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ቴርሞስታቱን፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ፣ በጣቷ ተጫነችው። ውጪ ያለው ማሽን አቃሰተ፤ ማራገቢያው የተጠቀጠቀበትን በረዶ መፍጨት ጀመረ። እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ይሰበራል ብላ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። አልተሰበረም። ከጣሪያው ሥር ለብ ያለ አየር ወረደ።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

"ነቅተዋል" አለ ነቢዩ። "ኦክሲጅን ላይ ናቸው። ሌሊቱን እዚህ ያድራሉ። ልባቸውን እናያለን ብለዋል ሐኪሞቹ፤ እስከ ጠዋት ምንም ማለት አይቻልም ነው የሚሉት።"

"ያወራሉ?"

"ያወራሉ። ጽጌን ቀሰቀስኳት ወይ አሉኝ።"

ጽጌሬዳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ነቢዩ "አለሽ?" አላት፤ "አለሁ" አለችው።

ቀጥሎ ዳራርቱ ደወለች። ሆስፒታሉ ነግሯታል፤ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ ጠዋት ነው የምትነሣው። ድምፏ ደረቅ ነው፤ አልቅሳ የጨረሰች ሰው ድምፅ።

"በየቀኑ እደውላለሁ እኮ" አለች። "ቤቱ ይሞቃል ወይ እለዋለሁ። በጣም ይሞቃል ይለኛል። ለምን አጠፋው ጽጌ? ተበላሽቶ ነው?"

አልተበላሸም ማለት ይቻል ነበር። አላውቅም ማለትም ይቻል ነበር፤ አንዴ ብላዋለች።

"እኔ ነኝ" አለች ጽጌሬዳ። "በገና ዳቦ ይዤ መጥቼ፣ ይረብሽዎታል ወይ አልኳቸው። እኔን ነበር የሚረብሸኝ። ገባቸው። መኪናዬ ደጅ ስትቆም ያጠፉት ነበር፤ እንድተኛ። በዚህ ሳምንት መኪናዬ አልወጣችም።"

ጽጌሬዳ ጠበቀች። ስድብ ጠበቀች፣ እርግማን ጠበቀች፣ አባቴን ገደልሽው የሚለውን ቃል በዳራርቱ ድምፅ አስቀድማ ሰማችው። የመጣው ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

"ጠዋት እመጣለሁ" አለች ዳራርቱ በመጨረሻ። "ቤቱን ቆልፊልኝ።" ስልኩ ተዘጋ።

ጽጌሬዳ ተነሣች። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። ከመኝታ ቤቱ በር ሥር ፎጣውን አንሥታ አጣጥፋ አስቀመጠች። አልጋውን ልታነጥፍ ጀምራ ተወችው፤ የሞተ ሰው አልጋ ነው የሚነጠፈው የሚል ነገር መጣባት። የቧንቧውን ውኃ ከፍታ መውረዱን አየች። መብራቱን አጥፍታ ወጣች። ከማዶ ፋና በመስኮቱ ቆማ ታያታለች። ቁልፉን አስገብታ አዞረች፤ እጀታውን ገፋ አድርጋ ሞከረችው፤ ደግማ ሞከረችው። ተቆልፏል።